ከባሕር ጠረፍ እስከ ጥድ ጫካ

ወታደር ረጅም ጉዞን በሥልጠና ይለምደዋል። ባለቤቱና ልጆቹ ግን በዕረፍት ቀን አብረውት ተራራ ሊወጡ ሲነሡ፣ ጽናታቸውን አስቀድመው ደረጃ በደረጃ መገንባት አለባቸው። ለዚህ ትምህርት የጅቡቲ ምድር ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ስሕተትን በቀላሉ አያልፍምና።

የመጀመሪያው ደረጃ በከተማዋ ሰሜናዊ ክፍል የሚገኘው ፕላቶ ዱ ሰርፓን ነው። ስሙ «የእባብ አምባ» ማለት ቢሆንም ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ ያላለ ሠፈር በመሆኑ ለጀማሪ እግር ይስማማል። ፀሐይ ሳትወጣ ያለ ሸክም ግማሽ ሰዓት በመራመድ ይጀመራል። በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ይጨመራል፤ ሸክም የሚጨመረው በመጨረሻ ነው። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ የጉዞው ወቅት ቀዝቃዛው ወራት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ከከተማዋ በስተምዕራብ 700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለችው አርታ ናት። በዚያ ዳገትና ቁልቁለት ይለመዳል። ሦስተኛው በጎዳ ተራሮች ላይ ያለው የዳይ ጫካ ሲሆን፣ በደጋው አገራችን የምናውቀው ጥድ ይበቅልበታል። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ብርድ ልብስ አይረሳም።

ድንኳን በደረቅ ወንዝ ውስጥ ፈጽሞ አይተከልም። በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. በድንገተኛ ዝናብ የአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ሞልቶ በከተማዋ ብዙ ሕይወት አጥፍቷል። ከፍ ያለና ደልዳላ ስፍራ ይመረጥ። ጠዋት ጫማ ከመደረጉ በፊት ይራገፍ፤ ጊንጥ ሊያድርበት ይችላል። ጥዱ እየተመናመነ ስለሆነ ለማገዶ አይቆረጥ፤ ምግብ በቡታጋዝ ይብሰል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ውኃ ነው። በሙቀት የሚጓዝ ሰው በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ላብ ሊያጣ ይችላል። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአሳል ሐይቅ አካባቢ አልፈው ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግረው ዓረብ አገር ለመድረስ በእግር ከተጓዙት ወገኖቻችን መካከል በውኃ ጥም የሞቱ ብዙዎች ናቸው። ጉልበትና ቆራጥነት አላነሳቸውም፤ ያጡት ውኃና ጥላ ነበር። ስለዚህ ጽናት ማለት ጥርስን ነክሶ መሄድ ብቻ አይደለም። ከያዝነው ውኃ ሲሶው እንዳለቀ፣ የምንሞላበት ምንጭ በእርግጥ ከሌለ፣ ፊታችንን ወደ ቤት እንመልስ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ከታየ ጉዞው ይቁም፤ ሕመምተኛው በጥላ ሥር ይረፍ፣ ሰውነቱ በውኃ ይራስ፣ ይራገብለት። ንግግሩ ከተዘባረቀ ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ይወሰድ።

አባት ሆይ፣ ልጅህ የመቶህ አባል አይደለም። የሰልፉ ፍጥነት የሚለካው በትንሹ ልጅ እግር ነው። ከመንገድ በጊዜ መመለስም ነውር አይደለም፤ ተራራው በሚመጣው ሳምንትም እዚያው ይጠብቃችኋል።