ክፍት ቦታ ትራፊ ቦታ አይደለም
አዳዲስ የመኖሪያ መንደሮች ሲነደፉ መጀመሪያ ምን ይሰመር?

ጀሞም ይሁን የካ አባዶ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ከተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤት መንደሮች በአንዱ ቅዳሜ ዕለት ቆም ብሎ ዙሪያውን የተመለከተ ሰው፣ በሕንፃዎቹ መካከል ያለችው ቁራሽ መሬት በአንድ ቀን ስንት ሥራ እንደምትሠራ ሳያስተውል አይቀርም። ማለዳ ሕፃናት ድንጋይ ለግብ ደርድረው ኳስ ይጫወቱባታል። ፀሐይ ሲበረታ በርበሬ ይሰጣባታል። ሐዘን የገባበት ቤት ካለ የእድር ድንኳን ይተከልባታል። ምሽት ላይ መኪኖች ይደረደሩባታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ የጣሪያው ውኃ ሁሉ ይወርድባታል።

ይህች ሁለገብ መሬት ግን በንድፍ ወረቀት ላይ ብዙውን ጊዜ ስም የላትም። ሕንፃው ቁጥር፣ መንገዱ ስፋት ተሰጥቷቸው ካበቁ በኋላ የምትቀር ባዶ ወረቀት ናት። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ ቅደም ተከተል ሊገለበጥ እንደሚገባው ማሳየት ነው።

መቶኛው የማይነግረን ነገር

የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች አሰፋፈር ፕሮግራም (ዩኤን ሃቢታት) ከከተማ መሬት 30 በመቶ ያህሉ ለመንገድ፣ ከ15 እስከ 20 በመቶው ደግሞ ለሕዝብ ክፍት ቦታ እንዲውል ይመክራል። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2027 የሚያገለግለው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላንም 40 በመቶ ለግንባታ፣ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ የሚል መርህ ይዟል። እነዚህ መለኪያዎች ጠቃሚዎች ናቸው፤ ሆኖም ብዛትን እንጂ ሥርጭትን አይገልጹም።

አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር የሆነ፣ ማለትም መቶ ሄክታር የሚሰፋ አዲስ መንደር እናስብ። ከዚህ 15 በመቶው 15 ሄክታር ነው። ይህ ሁሉ ለቤት በማይመች ገደላማ የወንዝ ዳር ቢመደብ ሒሳቡ ይሞላል፤ በሌላው ጫፍ የሚኖሩት አረጋዊት እናት ግን አይደርሱበትም። እንደ ወዳጅነት አደባባይ ያሉ ትላልቅ መናፈሻዎች ለከተማው ጌጥም እፎይታም ናቸው፤ በቱሉ ዲምቱ ለሚኖር የስምንት ዓመት ሕፃን ግን ከትምህርት ቤት መልስ የሚሮጥባቸው ሜዳዎች ሊሆኑት አይችሉም።

የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ ያቀረበው መለኪያ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። ይኸውም ማንኛውም ነዋሪ ከቤቱ በ300 ሜትር ርቀት ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር የሚሆን አረንጓዴ ቦታ ያግኝ የሚል ሲሆን፣ ርቀቱ አምስት ደቂቃ ያህል የእግር መንገድ ነው። ራዲየሱ 300 ሜትር የሆነ ክበብ 28 ሄክታር ገደማ ይሸፍናል። ክበቦች ሳይደራረቡ አንድን አራት ማዕዘን ሊሞሉ ስለማይችሉ፣ ከላይ ላነሳነው መንደር በአግባቡ የተሰራጩ ስድስት ቦታዎች ያስፈልጋሉ። የስድስቱ ጠቅላላ ስፋት ሦስት ሄክታር ብቻ ነው! ከ15 ሄክታሩ አንድ አምስተኛው በትክክለኛው ቦታ ቢቀመጥ ለሁሉም ይደርሳል ማለት ነው። ነገር ግን ስድስቱ ነጥቦች የሚገኙት ሕንፃዎቹ ከመሰመራቸው በፊት ብቻ ነው።

ውኃው የት ይሂድ?

ሁለተኛው ምክንያት ፊዚካዊ ነው። በአንድ ሄክታር መሬት ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 300 ሜትር ኩብ ውኃ ይወርዳል። መሬቱ በጣሪያ፣ በአስፋልትና በኮንክሪት የተሸፈነ ከሆነና ከዚህ ውኃ 90 በመቶው በጎርፍ መልክ ይወርዳል ብንል 270 ሜትር ኩብ እናገኛለን። ውኃ በሚያሰርግ አፈር ላይ ሣር ቢኖርና የጎርፉ ድርሻ 20 በመቶ ቢሆን ግን 60 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ልዩነቱ 210 ሜትር ኩብ፣ ማለትም እያንዳንዳቸው አሥር ሜትር ኩብ የሚይዙ የሃያ አንድ ቦቴዎች ጭነት ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ ሄክታር ተነሥቶ ቁልቁል ወደሚኖሩ ሰዎች ቤት ይጓዛል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ በስፋት የሚገኘው መረሬ የተባለው ጥቁር የሸክላ አፈር ሲርስ ያብጣል፤ የአየር ክፍተቶቹ ስለሚደፈኑም ውኃ ማስረጉን ይቀንሳል። ስለዚህ ሣር መትከል ብቻውን አይበቃም። በዚህ ዓይነት አፈር ላይ ክፍት ቦታው ከአካባቢው ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ውኃውን ለሰዓታት አቁሮ ቀስ እያለ ወደ ቦይ የሚለቅ መሆን አለበት። በበጋ የኳስ ሜዳ፣ በከባድ ዝናብ ጊዜ የጎርፍ ማረጋጊያ ይሆናል። ውኃ ወደ ዝቅተኛው ነጥብ መሄዱ የማይቀር በመሆኑ፣ ያንን ነጥብ ለሕንፃ ሰጥቶ ሜዳውን ከፍታው ላይ ማድረግ ከተፈጥሮ ጋር መጣላት ነው።

ስፋት ብቻውን አይበቃም

ይሁን እንጂ ባዶ መሬት ማብዛት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በ1950ዎቹ የተሠራው ፕሩት አይጎ የተባለው መንደር 33 ባለአሥራ አንድ ፎቅ ሕንፃዎች ነበሩት፤ በመካከላቸውም ሰፊ መሬት ነበረ። ከሃያ ዓመት ያነሰ ዕድሜ ብቻ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1972 መፍረስ ጀመረ። የጥገና ገንዘብ መጥፋት፣ የከተማው ነዋሪ መቀነስና የዘር መድልዎ ለውድቀቱ ዋና ዋና ምክንያቶች ሆነው ይጠቀሳሉ። አርክቴክቱ ኦስካር ኒውማን በዚያው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ሌላ ነገር ጨመረ፦ ማንም የእኔ ነው የማይለውን መሬት ማንም አይጠብቀውም።

ዊሊያም ዋይት የተባለው ተመራማሪ ደግሞ በ1970ዎቹ የኒው ዮርክን አደባባዮች በካሜራ ሲከታተል ቆይቶ፣ አንዱ አደባባይ በሰው ሲሞላ ሌላው ባዶ የሚሆንበትን ዋነኛ ምክንያት አገኘ። ምክንያቱ የአደባባዩ ውበት ወይም ስፋት ሳይሆን መቀመጫ መኖርና አለመኖሩ ነበር።

ከእነዚህ ሁለት ትምህርቶች ለእኛ የሚተርፈው ጥያቄ፣ በእኛ አገር ሰው በክፍት ቦታ ምን ይሠራል የሚለው ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲነደፉ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበትና በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት እንዲኖር መደረጉ ከነዋሪው ኑሮ የተነሣ አስተሳሰብ ነበር። ይኸው አስተሳሰብ ከቤት ውጭ ላለው መሬትም ይገባል። ድንኳን ደልዳላ መሬት፣ የዕቃ መኪና መግቢያ፣ ውኃና መብራት ይፈልጋል። ልጆች እናቶቻቸው ከመስኮት የሚያዩት፣ መኪና የማይገባበት ሜዳ ይፈልጋሉ። አዛውንት ጥላና መደገፊያ ያለው መቀመጫ ይሻሉ። ባለቤትነቱም መታወቅ አለበት። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያዎችን የቤት ባለቤቶች በማኅበር እንዲያስተዳድሩ መንገድ ከፍቷል፤ ሆኖም የማኅበሩ ድርሻ የሚያበቃበትና የወረዳው የሚጀምርበት ድንበር በመሬቱ ላይ ካልታየ ሜዳው ቀስ በቀስ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል።

የተበላሸ ሕንፃ ይታደሳል፤ ያረጀ መንገድ ይጠገናል። ከተገነባ በኋላ ሜዳ ለማግኘት ግን የሰው ቤት ማፍረስ ግድ ይላል።

ውድ አንባቢ፣ ነገሩን በራስዎ ሰፈር ሊፈትኑት ይችላሉ። የአካባቢዎን ካርታ በ1፡5,000 መጠን ያግኙና፣ ማንም ያለ ክፍያ ሊገባበት በሚችል እያንዳንዱ ሜዳ ላይ የኮምፓሱን እግር ተክለው ራዲየሱ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክበብ ይሥሩ፤ በመሬት ላይ 300 ሜትር መሆኑ ነው። ከክበቦቹ ውጭ የቀሩትን ቤቶች ይቁጠሩ። ቀጥሎም ዝናብ በጣለ ማግሥት ወጥተው ውኃው የተኛበትን ቦታ በካርታው ላይ ያመልክቱ። ሁለቱ ምልክቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ገና ላልተሠራው ቀጣይ መንደር ሜዳው የት መሰመር እንደሚገባው ያመለክታሉ።