የክረምት በረራ ወደ ጣና ዳር



በሐምሌ ወይም በነሐሴ አንድ ቀን ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ከዱርቤቴ ተነሥተው አዲስ አበባ የሚሄዱ ሰው ነዎት እንበል። ገና ጎሕ ሳይቀድ መኪና ይሳፈራሉ፤ በመራዊ በኩል አልፈው ከባሕር ዳር አይሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናም አባርቷል፤ ፀሐይም በጣና ላይ ታበራለች። ሻንጣዎን አስመዝነው፣ የጉዳዩን ፋይል በብብትዎ ይዘው ተቀምጠው ሳለ፣ በረራው በአየር ጠባይ ምክንያት መዘግየቱ በድምፅ ማጉያ ይነገራል። ቀና ብለው ሰማዩን ቢያዩት አንዳች ደመና የለበትም። ያን ጊዜ በልብዎ የሚሉትን እኔም ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁና አልወቅስዎትም።

ይሁን እንጂ እርስዎ ያዩት ሰማይ ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው። የሚሳፈሩበት አይሮፕላን ገና ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሲሆን፣ በቦሌ ጉም ወርዶ ማኮብኮቢያውን ሸፍኖት ይሆናል። በመካከሉ ደግሞ የዓባይ ሸለቆና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ አለ። አራተኛው ሰማይ ተሳፋሪ ከቶ የማያስበው ነው፤ ይኸውም መድረሻው ቢዘጋ አይሮፕላኑ የሚጠጋበት የሌላ ማረፊያ፣ ለምሳሌ ከሐይቁ ማዶ ያለው የጎንደር ሰማይ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲከፋ ጉዞው ሁሉ ሊዘገይ ይችላል።

በአውሮፓ «የክረምት በረራ» ሲባል የሚታሰበው በረዶ ነው። የእነርሱ ክረምት የሚውለው በእኛ ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት፣ ገበሬያችን በሚወቃበት በበጋው ወራት ነው። በዚያ ወቅት በበረዶ ላይ ለመንሸራተት የሚጓዘው ሕዝብ በአልፕስ ተራሮች መካከል ወደሚገኙ ትንንሽ የአይሮፕላን ማረፊያዎች ይጎርፋል። ከእነዚህ አንዱ በስዊዘርላንድ የሚገኘው ሳሜዳን ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,707 ሜትር ላይ ያለ፣ ማኮብኮቢያው 1,800 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ዙሪያውን በረዶ በለበሱ ተራሮች የተከበበ በመሆኑ ስለ አስቸጋሪነቱ ብዙ ተብሎለታል። እንግዲህ ዛሬ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም የሚጠራው የባሕር ዳር ማረፊያ 1,821 ሜትር ላይ ነው፤ ከሳሜዳን ከመቶ ሜትር በላይ ይበልጣል። የላሊበላው ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እኛ ሳናስተውለው በየዕለቱ የምንነሣበትና የምናርፍበት ከፍታ ለአውሮፓዊ አብራሪ ልዩ ሥልጠና የሚያሻው ነው።

የከፍታ ቁም ነገሩ አየሩ መሳሳቱ ነው። ታንኳ በጣና ውሃ ላይ እንደሚደገፍ የአይሮፕላን ክንፍም የሚደገፈው በአየር ላይ ነው። በባሕር ዳር ከፍታ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሆነበት ቀን፣ የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው ከአምስት አራት እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከዐሥር አንድ እጅ በሚበልጥ ተጨማሪ ፍጥነት መሮጥ አለበት፤ በማረፍም ጊዜ በዚሁ ፍጥነት መሬት ይነካል። ፍጥነት በዚህ ልክ ሲጨምር ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ኃይል በሩብ ያህል ይጨምራል። የባሕር ዳር ማኮብኮቢያ 3,000 ሜትር እንዲረዝም መደረጉ ያለ ምክንያት አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በዳግላስ ሲ-47 አይሮፕላኖች ሥራ ሲጀምር የልደታ ሜዳ ይበቃው ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. ጄቶችን ባመጣ ጊዜ ግን ልደታ ስላልቻላቸው ቦሌ መሠራት ነበረበት።

በዚህ ላይ ዝናም ሲጨመርበት ማኮብኮቢያው ውሃ ያዝላል። በፍጥነት የሚሽከረከር ጎማ ውሃውን መግፋት ካልቻለ በላዩ ላይ እንደ ታንኳ ይንሸራተታል፤ ፍሬኑም አይይዝም። አብራሪው በእርጥብ ማኮብኮቢያ ላይ በቀስታ ከማረፍ ይልቅ ጠበቅ አድርጎ መሬት የሚነካው ጎማው ውሃውን ሰንጥቆ አስፋልቱን እንዲጨብጥ ነው። በነሐሴ ወንበርዎ ሲናጥ «ይህ ሰው ማሳረፍ አያውቅም» ብለው ከነበረ፣ ምናልባት ደኅና አድርጎ ያውቅ ኖሯል።

በአንድ ነገር ግን የእኛ ክረምት ከእነርሱ ይሻላል። የአይሮፕላን የከፍታ መለኪያ ከፍታን በቀጥታ አይለካም፤ የሚለካው የአየሩን ግፊት ነው። ቀዝቃዛ አየር ተጨማድዶ ወደ ታች ስለሚሰበሰብ መለኪያው ይታለላል። በሳሜዳን ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ቀን መለኪያው ከማረፊያው በላይ 1,000 ሜትር ላይ ነህ ሲል እውነተኛው ከፍታ 900 ሜትር ገደማ ነው። በተራሮች መካከል የመቶ ሜትር ስሕተት ምን እንደሚያስከትል ማስረዳት አያሻም፤ አብራሪዎችም አስቀድመው በሠንጠረዥ ያርሙታል። በባሕር ዳር አየሩ መለኪያው ከተሠራበት ልክ ይልቅ ሞቃት ስለሆነ ስሕተቱ ወደ ደኅናው ወገን ነው፤ አይሮፕላኑ መለኪያው ከሚለው ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል።

ሁለቱ ክረምቶች የሚገናኙት ተራራን በሚሸፍን ደመና ነው። የካቲት 21 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ በኦስትሪያ ኢንስብሩክ የክረምት ኦሊምፒክ ከተፈጸመ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ከለንደን የተነሣ ብሪታንያ የተባለ ባለ አራት ሞተር አይሮፕላን ወደዚያች ከተማ ደረሰ። ሸለቆው በደመና ተሞልቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ኢንስብሩክ የሚታረፈው በዓይን እየታየ ስለነበረ አብራሪው ማረፊያውን በመፈለግ ከተፈቀደው ዝቅተኛ ከፍታ በታች ወረደ፤ አይሮፕላኑም ግሉንገዘር ከተባለው ተራራ ጋር ተጋጭቶ 83 ሰዎች በሙሉ አለቁ። በእኛም አገር ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. አሜሪካዊው የምክር ቤት አባል ሚኪ ሊላንድ ስደተኞችን ለመጎብኘት ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላው ፉኝዶ ሲጓዙ የተሳፈሩበት ትንሽ ትዊን ኦተር በመጥፎ የአየር ጠባይ ከተራራ ጋር ተጋጨ። ስብርባሪው የተገኘው ከብዙ ቀን ፍለጋ በኋላ ነበር፤ ከ16ቱ ሰዎች አንድም አልተረፈም።

ዛሬ የሚሠራበት ደንብ የተጻፈው እንደነዚህ ባሉ አደጋዎች ነው ማለት ይቻላል። ለእያንዳንዱ ማረፊያ፣ በዙሪያው ያለው ተራራና በስፍራው ያለው መሣሪያ እየታየ፣ አብራሪው በደመና ውስጥ ሊወርድበት የሚችለው የመጨረሻ ከፍታ ተወስኗል። እዚያ ደርሶ ማኮብኮቢያውን ወይም መብራቱን ካላየ ለማሰብ ጊዜ አይሰጠውም፤ ሞተሩን አጠንክሮ ወዲያው ወደ ላይ ይመለሳል። ተሳፋሪው በድንገት ወደ ወንበሩ ሲጫን ይደነግጣል። በእውነቱ ያ ቅጽበት ከበረራው ሁሉ እጅግ የተጠናውና በሥልጠና ብዙ ጊዜ የሚደጋገመው ነው። ከዚያ በኋላ አብራሪው ደመናው እስኪነሣ በሐይቁ ላይ ይዞራል፤ አለዚያም ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል።

ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ነዳጅ ካለው ነው። ስለዚህ መድረሻው ድረስ የሚበቃ፣ ከዚያ ወደ መጠጊያው የሚያደርስ፣ በመጨረሻም ለሠላሳ ደቂቃ በአየር ላይ የሚያቆይ ነዳጅ ይጫናል። ነዳጅ ክብደት ነው፤ በሳሳ አየር ደግሞ አይሮፕላኑ ይዞት የሚነሣው ክብደት የተወሰነ ነው። በክረምት አንዳንድ ጊዜ እርስዎ ደርሰው ሻንጣዎ በማግስቱ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። (ሁልጊዜ ነው አላልሁም፤ ሻንጣ በሌላም ምክንያት ይቀራል።)

የጣና ዳር ክረምት የራሱ ጠባይ አለው። ውሃ ቶሎ አይሞቅም፤ ቶሎም አይቀዘቅዝም። ቀን ቀን መሬቱ ሲሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ደጋው ይነፍሳል፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ የሚሰማው በተራሮቹ ላይ ነው። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል። ከደጋው የቀዘቀዘ አየር እየተንሸራተተ ወደ ሐይቁ ይወርድና በሐይቁ ላይ ያለውን ሞቃት እርጥብ አየር ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ስለዚህ በባሕር ዳር ብዙው ዝናም በሌሊት ይወርዳል። ሌሊቱን ሲዘንም አድሮ ሲነጋ ዝቅ ያለ ደመና በከተማው ላይ ተኝቶ የሚገኘውም በዚህ የተነሣ ነው፤ ፀሐይ ስትበረታበት ይነሣል። ቀጠሮ ያለው መንገደኛ በክረምት ከሰዓት በኋላውን ትቶ የጧቱን በረራ ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ጧት የሚያስቸግረው ጉም በሰዓት ይቆጠራል፤ የከሰዓቱ ነጎድጓድ ግን ቀኑን ሊጨርስ ይችላል።

የጎጃም ሰው በረዶን የሚያውቀው ከዝናም ጋር ሲወርድ ነው። በነሐሴ ግን ከራሱ በላይ ወደ 5,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአልፕስ ክረምት አለ። ከዚያ በላይ ባለ ደመና ውስጥ የውሃው ጠብታ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞም ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል፤ ክንፍ ሲነካው ግን ባንድ አፍታ ይረጋል። ወደ ባሕር ዳር ከሚመላለሱት አንዱ በሆነው ዳሽ 8 ኪው 400 ላይ የክንፉ ግንባር ጥቁር ጎማ የለበሰው ለዚህ ነው፤ ጎማው በአየር እየተነፋ የረጋውን በረዶ ይሰብረዋል። በቦይንግ 737 ደግሞ ከሞተሩ የሚወጣ ትኩስ አየር ክንፉን ያሞቀዋል።

አሁን ረፋዱ 4 ሰዓት ሆኗል፤ ከቦሌ ጉሙ ተነሥቶ አይሮፕላኑ መጥቷል፤ እርስዎም ተሳፍረዋል። ቢሆንም ጥቂት ያስጠብቅዎት ይሆናል፤ ወፎች ከማኮብኮቢያው መባረር አለባቸው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ክረምቱ አልፎ ሰማዩ መጥራት በጀመረበት ሰሞን፣ ገና ዓመት ያልሞላው ቦይንግ 737 ከዚሁ ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ሲነሣ ከርግብ መንጋ ጋር ተጋጨ። ርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ቢሞክሩም ሞተሮቹ ኃይላቸውን ስላጡ ሜዳ ላይ በሆዱ አሳረፉት፤ እሳትም ተነሣ። ከ104ቱ ሰዎች 35ቱ ሞቱ፤ 69ኙ ተረፉ።