ከወንጀል ነፃ ወረቀት ሲነበብ

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂና ሰሚት ድረስ ጥበቃ፣ ሾፌርና ገንዘብ ያዥ ሆኖ ለመቀጠር የሚሯሯጥ ሁሉ «አሻራ ልሰጥ ነው» ሲል ይሰማል። ዲቪ የደረሰውም፣ አረብ አገር የምትሄደዋም እንዲሁ። ድሮ ተያዥ ይበቃ ነበር፤ አሁን አሠሪው ተያዥም አሻራም ይፈልጋል።

አሻራው የሚሰጠው ለከወንጀል ነፃ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን የሚሰጠው ፌዴራል ፖሊስ ነው። ማጣሪያው በስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር። የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር፣ በአዲስ አበባ ብቻ ስንት አበበ ከበደ አለ? በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ያው ሰው ፓስፖርቱ ላይ ሌላ፣ ዲፕሎማው ላይ ሌላ ይሆናል። የጣት መስመር ግን መንትዮችን እንኳ ይለያል። ጣት ከአንዱ የጥፍር ጠርዝ እስከ ሌላው እየተንከባለለ ይነሳል፤ ሲሚንቶና በረኪና የበላው እጅ መስመሩ ስለሚሳሳ አንሺውን ያደክማል።

«ሪከርድ የለም» የሚለው ውጤት ስለ ጠባይ ምስክርነት አይደለም። በዚህ አሻራ፣ በዚህ መዝገብ፣ እስከዚህ ቀን የተገኘ ነገር የለም ማለት ብቻ ነው። ለዚህም ነው ካናዳ አመልካቹ አሁን ከሚኖርበት አገር የሚያመጣው ወረቀት ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ከ6 ወር ወዲህ የወጣ እንዲሆን የምትጠይቀው። ቤሩት ወይም ዱባይ ዓመታት የኖረ ሰውም የዚያን አገር ወረቀት ሊጠየቅ ይችላል፤ የኛ መዝገብ ስለዚያ አያውቅም።

ሪከርድ ሲገኝስ? መጀመሪያ መታየት ያለበት ጉዳዩ ክስ ነው ወይስ ፍርድ የሚለው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰን ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ ይቆጥረዋል፤ ክስን አይቶ በር የሚዘጋ አሠሪ ይህን ዘንግቷል። ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው የሚያደናግረው የይቅርታና የምሕረት ልዩነት ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይቅርታ የተደረገለት ሰው ከቅጣቱ ይድናል እንጂ ፍርዱ መዝገብ ላይ ይቆያል። ምሕረት ግን ፍርዱንም ይሰርዛል። በ2010 ዓ.ም. በወጣው የምሕረት አዋጅ የተጠቀመና በይቅርታ ከማረሚያ ቤት የወጣ ሰው፣ ሁለቱም በነፃነት ቢሄዱም፣ መዝገባቸው አንድ አይደለም።

ምሕረት ያላገኘም ሌላ መንገድ አለው፤ ሕጉ «መሰየም» ይለዋል። ቅጣቱን ከጨረሰ በኋላ፣ ጽኑ እስራት ለነበረበት ቢያንስ 5፣ ለሌላው ቢያንስ 2 ዓመት በመልካም ጠባይ ከቆየና የበደለውን በአቅሙ ከካሰ፣ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። እስር ቤት የነበረ ሰው ይህን በር አንኳኩቶ መግባቱ አልተለመደም፤ ጠበቃም ብዙ ጊዜ አይነግረውም። ከተሰየመ በኋላ ግን «አንተ ሌባ የነበርክ» ብሎ በክፋት አሮጌውን ፍርድ የሚያነሳበት ሰው በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል።