በባትሪ የሚሠሩ የእጅ መሣሪያዎችና መጋዞች አጠቃቀምና የሥራ ላይ ደኅንነት

በባትሪ የሚሠሩ ድሪሎች፣ ግራይንደሮችና መጋዞች በእንጨትና በብረታ ብረት ሥራ ቤቶች፣ በግንባታ ቦታዎችና በቤት ውስጥ ጥገና ሥራዎች ላይ በስፋት ጥቅም ላይ እየዋሉ ይገኛሉ። መብራት በሚቋረጥበት ሰዓት ሥራ እንዳይስተጓጎል ማድረጋቸው፣ ገመድ መዘርጋት የማያስፈልጋቸው መሆኑና መወጣጫ ላይ ይዞ ለመውጣት መቅለላቸው ተመራጭ አድርጓቸዋል። ይሁን እንጂ መሣሪያዎቹ ቀላልና ገመድ አልባ መሆናቸው በተጠቃሚዎች ዘንድ የመዘናጋት ስሜት ሲፈጥር ይስተዋላል።

በገመድ የሚሠራ መጋዝ ስለት ከመቀየሩ በፊት ከሶኬት መነቀል እንዳለበት ልምድ ያለው ባለሙያ ሁሉ ያውቃል። በባትሪ የሚሠራው መሣሪያ ግን የሚነቀል ገመድ ስለሌለው ይህን ልማድ የሚያስታውስ ነገር የለውም። ባትሪው እስካልወጣ ድረስ መሣሪያው ሶኬት ላይ እንደተሰካ ይቆጠራል። በብብት ይዞ መሰላል ሲወጣ፣ ከሣጥን ሲወጣ ወይም ሕፃን ልጅ ሲነካካው ማስነሻው ሳይታሰብ ሊጫን ይችላል። ስለሆነም ስለት፣ ዲስክ ወይም መብሻ ጫፍ ሲቀየር፣ የተቀረቀረ እንጨት ሲወጣ፣ የመቁረጫው ጥልቀት ሲስተካከል እንዲሁም መሣሪያው ለምሳ ዕረፍት ሲቀመጥ ባትሪውን በቅድሚያ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህ አንድ ተግባር የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው።

ግራይንደርና ዲስክ

ከእነዚህ መሣሪያዎች መካከል ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው ግራይንደር ነው። በ125 ሚሊ ሜትር ዲስክ ላይ በአብዛኛው በደቂቃ 12,200 ዙር የሚል የፍጥነት ወሰን ታትሞ ይገኛል፤ በ230 ሚሊ ሜትር ዲስክ ላይ ደግሞ 6,600 ዙር የሚል ይታያል። ቁጥሮቹ የተለያዩ ቢሆኑም መነሻቸው አንድ ነው፤ ይኸውም የዲስኩ ጠርዝ በሰከንድ ከ80 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት ከ288 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይጓዝ ነው። የሁለቱም ዲስኮች የመሐል ቀዳዳ 22.23 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ትልቁ ዲስክ በትንሹ ግራይንደር ላይ ይገጥማል፤ የሚያግደው መከላከያ ሽፋኑ ብቻ ነው። ሽፋኑን ፈትቶ ትልቁን ዲስክ በደቂቃ 9,000 ዙር በሚሽከረከር ትንሽ ግራይንደር ላይ የገጠመ ሰው የዲስኩን ጠርዝ በሰከንድ ወደ 108 ሜትር ያደርሰዋል። በዚህ ፍጥነት ዲስኩ ቢሰበር ስብርባሪው የሚያርፈው በሠራተኛው ፊት፣ አንገት ወይም በአጠገቡ በቆመ ሰው ላይ ነው።

የእንጨት መጋዝ ጥርስ ያለውን ስለት በግራይንደር ላይ ገጥሞ ቺፑድና ጣውላ መቁረጥም ፈጽሞ ሊደረግ የማይገባው ድርጊት ነው። ግራይንደር ለዚህ ሥራ አልተሠራም፤ እንደ ክብ መጋዝ ስለቱን ተከትሎ የሚዘጋ ሽፋንም፣ እንጨቱ ላይ የሚያርፍ መሠረትም የለውም። ጥርሱ እንጨቱን ሲነክስ መሣሪያው ከእጅ ያመልጣል። ጊዜ ለመቆጠብ ወይም የመጋዝ ዋጋ ለማዳን ተብሎ የሚደረግ ቢሆንም የሚያስከትለው ጉዳት ከመጋዙ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ዲስክ በሚገዛበት ጊዜ በመሐሉ ባለው የብረት ቀለበት ላይ የታተመውን ወርና ዓመት ማየት ይገባል። ማጣበቂያው በጊዜ ብዛትና በእርጥበት ስለሚደክም የአገልግሎት ዘመኑ ያለፈበትን፣ የተሰነጠቀውን ወይም ውኃ የነካውን ዲስክ መጠቀም አይገባም። በመቁረጫ ዲስክ ጎን ብረት መሞረድም ዲስኩን ለስብራት ያጋልጣል።

ክብ መጋዝና ድሪል

በክብ መጋዝ የሚደርሰው ከባድ አደጋ በአብዛኛው መጋዙ ወደኋላ ሲወረወር የሚከሰት ነው። እንጨቱ ከታች ድጋፍ ሲያጣ መሐሉ ይጎብጥና ስለቱን ይጨብጠዋል፤ መጋዙም ወደ ሠራተኛው ይዘላል። ለዚህም የሚቆረጠው እንጨት በሚገባ ተደግፎ መታሰር አለበት፣ ሠራተኛው ከስለቱ መስመር ጎን እንጂ ከኋላው መቆም የለበትም፣ ስለቱም ከእንጨቱ ሥር ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲወጣ ጥልቀቱ መስተካከል ይኖርበታል። በአንዳንድ ሥራ ቤቶች የታችኛው ተንቀሳቃሽ ሽፋን በሽቦ ታስሮ ወይም በሽብልቅ ተይዞ ይታያል። ማስነሻው ከተለቀቀ በኋላ ስለቱ ወዲያው ላይቆም ስለሚችል ሽፋኑ የታሰረ መጋዝ መሬት ላይ ሲቀመጥ ወይም ወደ እግር ሲጠጋ ሥጋ ይቆርጣል።

ድሪልን በተመለከተ አስቀድሞ መጣራት ያለበት በግድግዳው ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር መኖር አለመኖሩ ነው። መሣሪያው በባትሪ መሥራቱ በግድግዳው ውስጥ ካለው መስመር አይከላከልም፤ ጫፉ ሽቦውን ከነካ ኤሌክትሪኩ በብረቱ በኩል ወደ እጅ ሊደርስ ይችላል። ጫፉ ሲቀረቀር የእጅ አንጓን እንዳይጠመዝዝም የጎን መያዣውን መጠቀም ይገባል።

ስለ ጓንት የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። ሰፊ የጨርቅ ጓንት በሚሽከረከር መብሻ ሲያዝ ጣትን ይዞ ይጠቀልላል። ስለሆነም በድሪል ሲሠራ ጓንቱን ማውለቅ፣ እጅጌን መሰብሰብ፣ ነጠላና ሻርፕን ማስወገድ፣ ረጅም ፀጉርን ማሰር ያስፈልጋል። በአንጻሩ የዐይን መከላከያ መነጽር በየትኛውም ሥራ ላይ መቅረት የለበትም፤ ተራ የፀሐይ መነጽርም አይተካውም። የእንጨት ብናኝ በዓለም ጤና ድርጅት ሥር የሚገኘው የካንሰር ጥናት ተቋም ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጡ ነገሮች ተርታ የመደበው በመሆኑ የአፍና የአፍንጫ ጭምብል መልበስ ይገባል። ጆሮን ከድምፅ መከላከልም እንዲሁ።

ባትሪው

እነዚህ መሣሪያዎች የሚጠቀሙበት የሊቲየም ባትሪ ከሚስማር፣ ከብሎን ወይም ከሳንቲም ጋር በአንድ ኪስ ሲቀመጥ ጫፎቹ ሊገናኙና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ወድቆ የተጎዳ ባትሪን መሙላት አይገባም። ቻርጀሩ ከመጋዝ ብናኝና ከመላጫ ፍርፋሪ ርቆ መቀመጥ አለበት። በቆላማ አካባቢዎች ባትሪን ፀሐይ ላይ በቆመ ተሽከርካሪ ውስጥ መተው አደገኛ ነው።

ከውጭ አገር መሣሪያ ይዘው የሚመለሱ ዜጎች ትርፍ ባትሪን በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ማስገባት እንደማይፈቀድ ማወቅ አለባቸው፤ ባትሪው ከተሳፋሪው ጋር ወደ አውሮፕላኑ ክፍል የሚገባ ነው። ባለ 18 ቮልትና 5 አምፒር ሰዓት ባትሪ 90 ዋት ሰዓት ስለሚይዝ ከ100 ዋት ሰዓት ወሰን በታች ነው። ከ100 እስከ 160 ዋት ሰዓት የሚይዘው ግን የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል።

አደጋ ሲደርስ

የሚደማውን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ቀዳሚው እርምጃ ነው። የቡና ዱቄትም ሆነ አፈር ቁስል ላይ መነስነስ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ሰውነት ውስጥ የተሰካ ስብርባሪ በሕክምና ባለሙያ እንጂ በቦታው መነቀል የለበትም። የተቆረጠ ጣት በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በተዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ ከረጢቱም በረዶ ባለበት ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ከተጎጂው ጋር ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ጣቱ በረዶውን በቀጥታ መንካት የለበትም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ በአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ አገልግሎት በ939 ይጠራሉ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያዎችን የማቅረብና ስለ አጠቃቀማቸው ሠራተኛውን የማሠልጠን ግዴታ አለበት፤ ሠራተኛውም የቀረበለትን የመጠቀም ግዴታ አለበት። ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውንም ለጤናው አደገኛ በሆነ ሥራ ላይ ማሰማራት የተከለከለ ነው። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ይሆናል። ይሁንና ሠራተኛው አስቀድሞ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ በመጣስ ወይም ሰክሮ በመገኘት ራሱ ላይ ያደረሰውን ጉዳት አሠሪው እንዲክስ አይገደድም። ለዚህም መመሪያው በጽሑፍ ተሰጥቶ በፊርማ መረጋገጡ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። አሠሪ ሳይኖረው በግሉ የሚሠራ ሰው ግን በዚህ የካሳ ድንጋጌ የሚሸፈን አይደለም።

ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ የሕክምና ማስረጃውን፣ የአደጋውን ቀንና ቦታ እንዲሁም የምስክሮችን ስም ይዞ በአካባቢው ለሚገኘው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት፣ የሥራ ሁኔታዎች ቁጥጥር ክፍል ማመልከት ይችላል። የተሰበረው ዲስክ ወይም ስለት ሳይጣል ቢቀመጥ ለምርመራው ያግዛል።