ባለበት የሚሽከረከረው ብስክሌት ለበጎ አድራጎት

ባለበት የሚሽከረከር ብስክሌት ኮርቻ፣ እጀታና ፔዳል እያለው ከቦታው የማይነቃነቅ መሣሪያ ሲሆን፣ የጋላቢው የእግር ጉልበት በሰንሰለት ወይም በቀበቶ አማካይነት ወደ አንድ ከባድ የብረት ጎማ ይተላለፋል፤ ጎማውን በፍትጊያ የሚይዝ ቀበቶ ወይም በአጠገቡ የሚቀመጥ ማግኔት እንቅስቃሴውን ስለሚቃወመው፣ የተቀመጠው ሰው ዳገት እንደሚወጣ ይደክማል። ፍራንሲስ ላውንድስ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1796 ለሕሙማን እጅና እግር ማፍታቻ የሚሆን «ጂምናስቲኮን» የተሰኘ መሣሪያ በስሙ አስመዝግቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ስዊድናዊው ፎን ዶበልን ጭነቱ በትክክል የሚታወቅ ባለቀበቶ ብስክሌት አስተዋወቀ፤ ይህ ዓይነቱ መሣሪያ ኤርጎሜትር፣ ማለትም የጉልበት ሥራ መለኪያ ይባላል።

መሣሪያው በመሥሪያ ቤቶች ለሚደረግ የገቢ ማሰባሰቢያ ተመራጭ የሆነው ድካምን በቁጥር ስለሚያሳይ ነው። ለጋሹ አስቀድሞ ቃል የሚገባው ለተሠራ ሥራ ነው፤ ሥራው ካልተቆጠረ ግን ቃሉ ወደ ብር ሊመነዘር አይችልም። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ዋት በየሰከንዱ የሚወጣውን ጉልበት ያመለክታል፤ አንድ ሰው 100 ዋት ይዞ ለግማሽ ሰዓት ቢጋልብ 0.05 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሥራ ይሠራል፣ ስለዚህ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለመሙላት ሃያ እንዲህ ያሉ ሰዎች ያስፈልጋሉ።

ብዙ አዘጋጆች ግን ከዋት ይልቅ ኪሎሜትርን ይመርጣሉ። በጎንደር ከተማ ለሚገኝ መሥሪያ ቤት ለምሳሌ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ የሚደርሰው መንገድ፣ ወደ 100 ኪሎሜትር የሚጠጋ በመሆኑ፣ ለሠራተኞች ቅብብሎሽ የሚመች ግብ ነው፤ እያንዳንዱ ተረኛ በግማሽ ሰዓት አሥር ኪሎሜትር ቢሸፍን አሥር ሰዎች በአምስት ሰዓት ይጨርሱታል። ይሁን እንጂ ስክሪኑ በዚሁ መንገድ ላይ ያለውን የወገራ ዳገት አያውቅም፤ ጭነቱን አላልቶ ፔዳሉን በፍጥነት የሚያዞር ጎልማሳ ጭነቱን አክብዶ በዝግታ ከሚሠራው የበለጠ ኪሎሜትር ይመዘገብለታል፣ ያወጣው ጉልበት ግን ያነሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቃል የሚገባው በደቂቃ እንዲሆን፣ ርቀቱም ለተመልካች ማነቃቂያ ብቻ እንዲያገለግል ማድረግ የተሻለ ነው፤ እንዲህ ሲሆን የጥበቃ ሠራተኛውም፣ የጽዳት ሠራተኛዋም፣ ለጡረታ የተቃረቡት የሒሳብ ሹምም እኩል ዋጋ ያለው ድርሻ ያበረክታሉ።

ከፍታውም ሊታሰብበት ይገባል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር፣ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ የአየር ግፊቱ በጎንደር ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ፣ በደባርቅ ደግሞ ከሩብ በላይ ያንሳል። ሲንቲያ ቢል የመራችውና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ጥናት በሰሜን ተራሮች፣ አምባራስ አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ እንደሆነና የሄሞግሎቢን መጠናቸውም በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩ ሰዎች እምብዛም እንደማይለይ አረጋግጧል፤ ይህ በአንዲስና በቲቤት ከታዩት መላመዶች የተለየ፣ ለአገሩ ደገኛ የሚያኮራ ግኝት ነው። ሆኖም በቅርቡ ከመተማ ቆላ ተዛውሮ የመጣ ባልደረባ ይህ አቅም ላይኖረው ስለሚችል፣ ተራው አጭር፣ ጭነቱም ቀላል ሊሆን ይገባል።

ለዝግጅቱ በፍትጊያ የሚሠራ፣ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ብስክሌት ይመረጣል፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ግልቢያው አይቋረጥም፣ ደቂቃውም በእጅ ሰዓት ይያዛል። ኮርቻው የሚስተካከለው ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት በትንሹ እንደታጠፈ እንዲቀር ነው፤ ዝቅ ካለ ጉልበት ይታመማል፣ ከፍ ካለ ዳሌ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። የነጠላ ዘርፍና የረጅም ቀሚስ ጫፍ በሰንሰለቱና በጎማው እንዳይያዝ ሁለቱም በክዳን መሸፈን አለባቸው። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ከመውጣቱ በፊት በነርስ ቢታይ፣ እህልም ውኃም ሳይቀምስ የሚጾም ሠራተኛ ደግሞ ተራው ከጾሙ መፍቻ በኋላ ቢደረግለት ጉዳት ይቀንሳል፤ ላብ ላወጣ ሰው ውኃ መከልከል አደገኛ ነውና።

የገንዘቡ አያያዝ ከእድር ልምድ ቢቀዳ ይበጃል፦ ቃሉን የሚመዘግብ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ከሁለቱ የተለየ ሒሳብ ተቆጣጣሪ ይመረጣሉ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጠው ቴሌብር ገቢውን በየጊዜው በማስረጃ ስለሚያሳይ ጥሬ ገንዘብ መቁጠርን ያቀላል። ተቀባዩ ድርጅት በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የተመዘገበ መሆኑ አስቀድሞ ይጣራል። ግልቢያው ባለቀ በሳምንቱ ውስጥ የተሰበሰበው ብርና የተቀባዩ ደረሰኝ በመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ሊለጠፉ ይገባል።