በጌቶች መዝገብ የተሸሸገ የዘር ሐረግ

ክላራ ብራውን ኮሎራዶ ቀድመው ከሰፈሩት ጥቁር ሴቶች አንዷ ናት። የቤተሰቧን ታሪክ ልፈልግ ብሎ የተነሳ ሰው ግን «ብራውን» የሚለውን ስም ተከትሎ ወደ ኋላ ቢቆጥር የማያገባው ቤት ይገባል። ብራውን አባቷም ባሏም አልነበረም፤ በ1835 (እ.ኤ.አ.) ከሐራጅ ላይ የገዛት የኬንታኪ ሰው ነው።

በ1800 አካባቢ ቨርጂኒያ ውስጥ በባርነት ተወለደች። ጌታዋ አምብሮስ ስሚዝ ወደ ኬንታኪ ሲዛወር ይዟት ሄደ። እዚያ አግብታ አራት ልጆች ወለደች፤ ከእነሱም ፖሊና አንን በልጅነቷ ውኃ ወሰዳት። ስሚዝ ሞቶ ንብረቱ ሲጣራ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ለየብቻ ተሸጡ። የፖሊና መንታ ኤሊዛ ጄን ያኔ ዐሥር ዓመት ገደማ ቢሆናት ነው።

ለትውልድ ፈላጊዎች ፈተናው እዚህ ላይ ነው። በ1850 እና በ1860 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ በባርነት የነበሩ ሰዎች የተጻፉት በተለየ ቅጽ ነበር። የጌታው ስም ይሰፍራል፤ ከሥሩ በዋናነት ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ይደረደራል። ከጥቂቶች በስተቀር ስም የለም። አብዛኞቹ በስማቸው የተቆጠሩት ገና በ1870 ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ለማግኘት የጌታውን ኑዛዜ፣ የውርስ ዝርዝርና የሽያጭ ውል ከየአውራጃው ፍርድ ቤት መፈለግ ግድ ይላል። እዚያ የሰው ስም ከላምና ከማረሻ ጎን ዋጋ ተለጥፎበት ይገኛል። መራራው ነገር ደግሞ ይኼ ነው፦ ቤተሰቡን የበተነው ወረቀት ዛሬ እናትና ልጅን በአንድ ገጽ የሚያሳይ ብቸኛ ሰነድ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ነገሩ ትንሽ ይቀላል። በ1865 ነፃ ለወጡት ሰዎች የተቋቋመው ቁጠባ ባንክ ደንበኛው ሒሳብ ሲከፍት የወላጆቹን፣ የወንድም እኅቶቹንና የልጆቹን ስም ይመዘግብ ነበር። ባንኩ በ1874 ከስሮ ተዘጋ፤ መዝገቡ ግን ተርፏል።

ክላራ ይህን ሁሉ አልጠበቀችም። በ1856 ነፃ ስትወጣ የኬንታኪ ሕግ ነፃ የወጣ ጥቁር ግዛቱን ለቆ እንዲሄድ ያዝዝ ስለነበር ወደ ምዕራብ አቀናች። በ1859 ለወርቅ ፈላጊዎች የጋሪ ጉዞ ምግብ አብሳይ ሆና ገባችና ሜዳውን አብዛኛውን በእግሯ አቋርጣ ዴንቨር ደረሰች። ከዚያ ሴንትራል ሲቲ በምትባል የማዕድን ከተማ የማዕድን ሠራተኞችን ልብስ እያጠበች፣ ያገኘችውን ቦታና ቤት እየገዛችበት ወደ 10,000 ዶላር አጠራቀመች። ጦርነቱ ሲያበቃ ልጇን ፍለጋ ኬንታኪ ተመለሰች። ኤሊዛ ጄንን አላገኘችም፤ ባዶ እጇንም አልተመለሰች፤ ነፃ የወጡ ሰዎችን በራሷ ወጪ ይዛ ኮሎራዶ ገባች።

ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር። ደብዳቤ የምታስጽፈው በሰው እጅ ነው፤ መልሱንም ሌላ ሰው ያነብላታል። ወሬው የመጣው በ1882 ነው፦ አዮዋ ውስጥ ካውንስል ብላፍስ በምትባል ከተማ ኤሊዛ ጄን የምትባል ሴት አለች። የክላራ ገንዘብ ያኔ አልቆ ስለነበር ለመንገዱ ወዳጆቿ አዋጡላት። እናትና ልጅ ከ47 ዓመት በኋላ ተገናኙ።

ክላራ በ1885 ዴንቨር ውስጥ አረፈች፤ ቀደምት ሰፋሪዎች ማኅበርም አባል አድርጓት ስለነበር ቀብሯን አስፈጸመ። ከልጆቿ መካከል ሪቻርድ ከእጅ ወደ እጅ ብዙ ጊዜ በመሸጡ ዱካው ጠፍቶባት ቀርቷል። ዛሬ እሱን ልፈልግ የሚል ቢኖር የሚነሳው ከልጁ ስም ሳይሆን ከገዢዎቹ ስም ነው።