ቻይና ገንዘብ ይዛ መግዛት ያልቻለችው ማሽን

በደቡባዊ ኔዘርላንድስ፣ ፌልድሆቨን በተባለች ከተማ፣ አውቶብስ የሚያክል ማሽን ይመረታል። ዋጋው ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። በዓለም ላይ ይህንን ማሽን የሚሠራው ኤኤስኤምኤል የተሰኘው ኩባንያ ብቻ ነው።

ቻይና ገንዘብ አላጣችም፤ ያጣችው ፈቃድ ነው። የኔዘርላንድስ መንግሥት ከአሜሪካ በደረሰበት ግፊት፣ እአአ ከ2019 ወዲህ ማሽኑ ወደ ቻይና እንዲላክ አልፈቀደም።

ለመሆኑ ሁለቱን ኃያላን ያፋጠጠው ማሽን ምን ይሠራል?

በብርሃን የሚታተም ንድፍ

የእጅ ስልክም ሆነ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት በቺፕ ነው። ከጣት ጥፍር ብዙም በማይበልጥ ሲሊከን ላይ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች ይደረደራሉ። ትራንዚስተሮቹ ባነሱ ቁጥር በአንድ ቺፕ ላይ ይበልጥ ብዙ ማስፈር ይቻላል፤ የማስላት አቅሙም ያድጋል።

ንድፉ በሲሊከኑ ላይ የሚታተመው በብርሃን ነው። ማሽኑ ቲን የተባለውን የቀለጠ ብረት ጠብታዎች በሰከንድ 50 ሺህ ጊዜ ያህል በሌዘር እየመታ፣ የሞገድ ርዝመቱ 13.5 ናኖሜትር የሆነ፣ ለዐይን የማይታይ ብርሃን ያመነጫል። አየር ይህንን ብርሃን ስለሚውጠው ሥራው የሚከናወነው አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ነው።

የማንም ብቻ ያልሆነ ሰንሰለት

የማሽኑ መስታወቶች ከጀርመን፣ የብርሃን ምንጩ ቴክኖሎጂ ከአሜሪካ ይመጣሉ። ዋሽንግተን በኔዘርላንዱ ኩባንያ ላይ ጫና ማሳደር ከቻለችባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። ቺፖቹን እንደ ኤንቪዲያ ያሉ የአሜሪካ ኩባንያዎች ይነድፏቸዋል፤ እጅግ የረቀቁትን በአብዛኛው የሚያመርተው ግን የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ነው።

“ሃምሳ ሎሚ ለአንዱ ሸክሙ፣ ለሃምሳው ጌጡ” እንዲሉ፣ ዘርፉ ያደገው ሥራውን በመከፋፈል ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱ መጋጠሚያ የመፋለሚያ ሜዳ ሆኗል።

አሜሪካ እአአ በጥቅምት 2022 የረቀቁ ቺፖችና የማምረቻ መሣሪያዎች ወደ ቻይና እንዳይሸጡ ሰፊ ገደብ ጣለች። ምክንያቷ ቴክኖሎጂው የቻይናን ጦር ያጠናክራል የሚል ነው። በዚያው ዓመት የአገር ውስጥ ምርትን ለማበረታታት ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበች።

ቤይጂንግም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። እአአ በ2023 ለቺፕ ሥራ በሚውሉት ጋሊየምና ጀርማኒየም ማዕድናት የወጪ ንግድ ላይ ቁጥጥር ጀመረች። በዚያው ዓመት ሁዋዌ ይፋ ባደረገው ስልክ ውስጥ በቻይና የተመረተ የ7 ናኖሜትር ቺፕ ተገኘ። ቺፑ በቀድሞው ትውልድ ማሽኖች ንድፉን ደጋግሞ በማተም እንደተሠራ ይታመናል፤ ይህ መንገድ ግን አዝጋሚና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነው።

እገዳው የቻይናን ግስጋሴ አዘግይቷል፤ በራሷ እንድትቆምም ገፋፍቷታል። አሜሪካም ብትሆን የረቀቁ ቺፖቿን በብዛት የምታገኘው ቻይና ግዛቴ ናት ከምትላት ታይዋን ነው። በዚያች ደሴት ዙሪያ የሚነሳ ግጭት ለሁለቱም ተፎካካሪዎች ዳፋው የከፋ ይሆናል።